የማን ከተማ ንፋስ?

ዛሬ ጠዋት ጋቢዬን ደርቤ በረንዳ ላይ እንደቆምኩ እህቴ ከሜሪላንድ ደወለች።

"ቅዳሜና እሁድ ከባድ በረዶ ይጥላል ተብሏል፤ ዳቦና ውሃ ገዝቼ ገባሁ" አለችኝ።

ጥር 2008 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ጥምቀትን ባከበርን በሦስተኛው ቀን ነበር። ከውቅያኖሱ የተነሳው እርጥብ አየር ከቀዝቃዛው ጋር ተጋጥሞ፣ ከዓርብ እስከ ቅዳሜ ሌሊት በንፋስ እየተነዳ ዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 74 ሴንቲሜትር ገደማ በረዶ ተከመረ። የዋሽንግተን ሜትሮ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ቆመ። እኔም "መብራት አለ? ቤቱ ይሞቃል?" እያልኩ ስደውል አደርኩ።

እኔ ያለሁባት መቀሌም ንፋስ ታውቃለች፤ አቅራቢያዋ ባለው አሸጎዳ ላይ 84 ተርባይን የተተከለው ለዚሁ ነው። የእኛ ንፋስ አስፈርቶኝ አያውቅም። የእህቴ ከተማ ንፋስ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

እናንተስ፣ ስልካችሁ ላይ የማንን ከተማ የአየር ሁኔታ ነው ቀድማችሁ የምታዩት?