ምዝገባው ሐምሌ ላይ ነው፣ ቤቱ ግን ገላን ጉራ

ሰኔ 30 ሲደርስ የቂርቆስ ልጆች ካርዳቸውን ይዘው ይሮጣሉ። ደረጃ የወጣው ለጎረቤት ሁሉ ያሳያል፣ ያልወጣው አጥፎ ኪሱ ይከታል። በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ከካርዱ ጋር ለወላጅ የምትሰጥ ደብዳቤም አለች፦ የወላጆች በዓል፣ የምዝገባ ቀን፣ የዩኒፎርም ጉዳይ፣ የክፍያ ጭማሪ። (ጭማሪው መቼም መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው።)

ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ግን አብሮ አልሄደም።

ለእነዚህ ወላጆች «ምዝገባ በጊዜው ይጠናቀቅ» የምትለው መስመር ከባድ ናት። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ልጁን እዚያ ያስገባው ሥርዓቱንና መምህራኑን አምኖ ነው፤ በዋዛ አይለቅም። ላይለቅ ደግሞ የ8 ዓመት ልጅ ሳይነጋ ተቀስቅሶ፣ ታክሲ እየቀያየረ፣ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ዓመቱን ይጨርስ ማለት ነው። ውጤቱ ሲወርድ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «ትኩረት ያንሰዋል» ነው። የት እንደሚያድር የጠየቀው የለም።

ደብዳቤዋ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨመር ወጪ የለውም፦ «አሁን የምትኖሩት የት ነው?» ከአንድ አቅጣጫ የሚመጡ 20 ልጆች ከተገኙ የጋራ ሰርቪስ ማሰብ ይቻላል። ካልተገኙም ወላጅ መልቀቂያውን ሰኔ ላይ ይውሰድ፤ መስከረም ላይ አዲሱ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት «ሞልቷል» ይለዋል።