የቅጽበት ዕድሜ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመካነ ሰላም አንድ የክረምት ሌሊት፣ የእናቴን ትንፋሽ ስቆጥር አነጋሁ። ሳል አላስተኛ ብሏት፣ የታዘዘላትን ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ወስዳ ነበር። ሳሉ ጸጥ አለ፤ እንቅልፏ ግን ከበደ። «እማዬ!» ስላት ዓይኗን በግድ ገልጣ መልሳ ትከድነዋለች። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ትንፋሿን ቢሸፍንብኝ ጆሮዬን ከፊቷ አስጠግቼ አደርሁ። ሲነጋ ነቃችና «ቡና አልተፈላም?» አለች።

ይህን ለፋርማሲ ምሩቁ የአክስቴ ልጅ አጫወትሁት። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው አለኝ፤ የሚበረታው ጉበት ውስጥ ከፊሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ለዋጩ ሲዋይፒ 2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ በእምብርቱ አንዲት የብረት አቶም አለች። ብረቷ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ሁለት አቶሞች አንዱን ለውኃ ትለቅና ሌላውን ለቅጽበት ትይዛለች። ኬሚስቶች «ኮምፓውንድ አንድ» የሚሉት ይህን ቁጡ ሁኔታ ነው፤ ኦክስጅኑን ለመድኃኒቱ አስረክቦ ይጠፋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የሚኒሶታው ሎውረንስ ኩዌይና ባልደረቦቹ፣ ከተፈጥሮ ተምረው በሠሩት ውህድ፣ ብረትና ኦክስጅን እንዲህ ተጣምረው በክሪስታል አሳዩ። በኢንዛይም ውስጥ ያለውን ያንን ሽሽተኛ ግን ሪትልና ግሪን አጥምደው የመረመሩት በ2010 ነው።

እኛ ዘንድ ነገሩ ይጠብቃል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ተደራርቦ ይዘውት ተገኝተዋል። እንዲህ ባለ ሰው ጉበት ሞርፊኑ ፈጥኖ ይበዛል፤ ትንፋሽንም ሊያዳክም ይችላል። አሜሪካም በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ከልክላለች። እናቴ ከእነዚያ ወገን ትሁን አትሁን አልተመረመረችም።

እኔ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ በእጄ ያልፋል፤ ማታ ሒሳቤን ዘግቼ ባዶ እጄን እወጣለሁ። ተቀብሎ ማስረከብን ከዚያች ብረት ጋር እንጋራለን። ማታ ማታ በምጽፋቸው ግጥሞች ግን ስለ ዘላለም ብዙ ብያለሁ፤ ለቅጽበት አንድ ስንኝ እንኳ አልሰጠኋትም። ያን ሌሊት በአንዱ ትንፋሽና በሚቀጥለው መካከል ያለችውን ዝምታ ስጠብቅ፣ ዘላለም ትዝ አላለኝም።

አሁን ለእናቴ መድኃኒት በታዘዘ ቁጥር፣ ያን ሌሊት ለሐኪሙ አስቀድሜ እነግራለሁ። እሷም «ደግሞ ጀመረው!» ትላለች።