ከወጥ ቤታችን ጨው እስከ ሩቁ በረዶ

መቀሌ ላይ ሆኖ ስለ በረዶ መቅለጥ የሚያወራ ሰው ቀልደኛ ይመስላል። እኛ በረዶን የምናውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብና ገበሬው ስለ ሰብሉ ሲጨነቅ ነው። ግሪንላንድና አንታርክቲካ ደግሞ በቴሌቪዥን መስኮት ብቅ ብለው የሚጠፉ ስሞች ናቸው። የ12 ዓመት ልጄ የትምህርት ቤት የቤት ሥራዋን ይዛ መጥታ «እኛ ባሕር እንኳን የለንም፤ ይሄ ምን አገባን?» ስትለኝ ጥያቄዋ የሚናቅ አልነበረም። ይኸው ጥያቄ እናንተም ቤት ሊነሣ ይችላልና መልሴን ላካፍላችሁ።

መልሱን የጀመርኩት ከጨው ነው። ከተማችን በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን መናገሻ ስትሆን የደመቀችው በጨው ንግድም ጭምር ነበር። መቀሌ ያደገ ሁሉ ግመሎቹ አሞሌ ተጭነው ከአሳሌ ተነሥተው በበርሃሌ በኩል ሽቅብ ወደ ደጋው እንዴት እንደሚወጡ ሲወራ ሰምቷል። እናቴ ዛሬ ለወጥ አዮዲን ያለውን የፋብሪካ ጨው ብትጠቀምም የአሞሌ ስባሪ ከጓዳዋ አይጠፋም።

ያ ጨው የባሕር ጨው ነው። አሳሌ ያለበት የዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ የወረደ ነው። ቀይ ባሕር በተለያየ ዘመን ወደዚህ ጎድጓዳ ስፍራ ገብቷል። ከ125 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ በገባበት ጊዜ ዳርና ዳሩን ኮራል አብቅሎበት ነበር፤ የኮራሉ ድንጋይ ዛሬም በበረሃው መካከል ቆሞ ይታያል። በኋላ ባሕሩ ሲሸሽና መግቢያው ሲዘጋ፣ የቀረውን ውኃ ፀሐይ አትንኖት ጨዉ ብቻ ቀረ።

አሁን ወደ በረዶው እንምጣ። በዚያ ዘመን የዓለም ሙቀት ከዛሬው ብዙም አይርቅም ነበር። የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ በከፊል ቀልጦ ስለነበር፣ የዓለም ባሕር ከዛሬው ከ6 እስከ 9 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። እርግጥ ለዳናክል ታሪክ የምድሪቱ መሰንጠቅና የእሳተ ገሞራው ሥራም ትልቅ ድርሻ አለው። ቢሆንም በረዶ ሲቀልጥ ባሕር ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል የሚመሰክር ዘመን ጓዳችን ውስጥ ካለው ጨው ጋር ተያይዞ ይገኛል። ያኔ ሙቀቱ የመጣው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞርበት መንገድ በሺህ ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ስለተለወጠ ነው። የአሁኑ ግን ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ጭስ የመጣ ነው፤ የፈጀውም ከ200 ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ነው።

ይህን ለልጆች ለማስረዳት ሁለት ብርጭቆ ይበቃል። በአንደኛው ውኃ ሞልታችሁ በረዶ ጣሉበት፤ ይንሳፈፋል። በሁለተኛው ውኃ አድርጉና አፉ ላይ ማጥለያ አስቀምጣችሁ በረዶውን ማጥለያው ላይ አድርጉት። የሁለቱንም ውኃ ከፍታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ የመጀመሪያው ብርጭቆ ውኃ ባለበት ነው፤ የሁለተኛው ግን ከምልክቱ አልፏል። የሰሜን ዋልታው ተንሳፋፊ በረዶ እንደ መጀመሪያው ብርጭቆ ነው። የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ ደግሞ መሬት ላይ ስለተኛ እንደ ሁለተኛው ነው። ሙሉ በሙሉ ቢቀልጡ የግሪንላንዱ ብቻውን ባሕርን በ7 ሜትር ገደማ፣ የአንታርክቲካው በ58 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጉታል። ይህ በአንድ ትውልድ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ረጅም ዘመን ይወስዳል። ይሁን እንጂ ከ1901 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ባሕሩ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል።

ልጄ «ሙቀቱ ትንሽ ከሆነ ለምን ይፈጥናል?» አለች። ነጠላ ለብሳችሁ ፀሐይ ላይ ብትቆሙና ጥቁር ካፖርት ለብሳችሁ ብትቆሙ አንድ አይደለም። ነጩ በረዶ ብርሃኑን ይመልሳል፤ እሱ ሲሄድ ከሥሩ የሚገለጠው ጥቁር መሬትና ባሕር ሙቀቱን ይውጣል፤ ያም ሌላውን በረዶ ያቀልጣል። ሞቃት የባሕር ውኃም የአንታርክቲካን በረዶ ዳር ከሥሩ እየሸረሸረው ነው።

ይህን ሁሉ እንዴት ማወቅ ይቻላል? በተራራ ላይ ባለ የበረዶ ግግር ዘንግ ይተክሉና በየዓመቱ ምን ያህሉ እንደተገለጠ ይለካሉ። ትልልቁን ደግሞ ከሰማይ ይመዝኑታል። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው የሚከታተሉ ሁለት ሳተላይቶች ነበሩ፤ ከ2018 ወዲህ ተተኪዎቻቸው ይዞራሉ። ከባድ ነገር ያለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ስበቱ የፊተኛውን ቀድሞ ይጎትተዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በጥቂቱ ይለወጣል። ከዚያ ተነሥተው የበረዶውን ክብደት ያሰላሉ። ግሪንላንድ በአማካይ በዓመት ከ250 ቢሊዮን ቶን በላይ፣ አንታርክቲካ ከ100 ቢሊዮን ቶን በላይ በረዶ እያጡ መሆናቸው የታወቀው እንዲህ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ኪሊማንጃሮም ከ1912 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከበረዶው ከ80 በመቶ በላይ አጥቷል። የሰሜንና የባሌ ተራሮችም በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር ነበራቸው፤ ዛሬ የቀረው ግግሩ እየገፋ የከመረው ድንጋይ ነው።

ታዲያ ምን አገባን? ከዓለም ጭስ የአገራችን ድርሻ 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። ጥፋቱን ለልጆቻችን ማሸከም ተገቢ አይመስለኝም። ነገር ግን የአገራችን አብዛኛው የገቢ ዕቃ የሚመጣው በጅቡቲ ወደብ ነው። ስንዴው፣ ዘይቱ፣ መድኃኒቱ ባሕር ዳር ይወርዳል። መንገድ ሲዘጋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚጎድል መቀሌ ለማንም ማስረዳት አያስፈልጋትም፤ በጦርነቱ ዓመታት የስኳር በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ወደብ በማዕበል ሲጠቃም ዋጋውን የሚከፍለው ደገኛው ጭምር ነው። በምፅዋ፣ በጅቡቲና በጅዳ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም በዚያው ባሕር ዳር ናቸው።

በረዶውን ከዚህ ሆነን አናቆመውም። በእጃችን ያለውን ውኃ ግን መያዝ እንችላለን። ውቅሮ አቅራቢያ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ እርከን ሠርታ፣ ተራራዋን ከልክላና ዛፍ ተክላ የጉድጓድ ውኃዋን መልሳለች፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተር ሽልማት አግኝታበታለች። ቅዳሜ ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተምራቸዋል። መጋቢት 12 ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም የበረዶ ግግር ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ ሁለቱን ብርጭቆ ለማቅረብ ጥሩ ቀን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ብሂል ልጆቻችን ከእኛ ቀድመው ሊሠሩበት ይችላሉ፤ የእኛ ድርሻ ሲጠይቁ «አያገባሽም» ብሎ አለማባረር ነው።