ሦስተኛ ወገን

ከአዳማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወለንጪቲ የገባ ሰው፣ ከከተማው ቀድሞ የሚያየው የመኪና ግንባር ነው። የጅቡቲ መንገድ ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ተሳቢዎቹ ዳር ዳሩን ይዘው ይቆማሉ፤ ሹፌሩ ምሳውን ይበላል፣ ረዳቱ ጎማውን በመዶሻ እየመታ ይዞራል። እኔ የመጣሁበት ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ጎሚስታው እጅ ስለገባ፣ ከፊት ለፊት ካለች የላስቲክ ዳስ ሥር ቡና አዝዤ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነው። ኋላ እደውልለታለሁ ብዬ ወደ ኪሴ መለስኩት።

ሥራ የፈታ ዓይን የመኪና መስታወት ያነባል። ከፊቴ የቆመው ሲኖትራክ መስታወት ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አለ፤ ከጎኑ የቆመው ላይ ደግሞ «ማሻአላህ» በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። በሁለቱም ላይ፣ ጥግ ይዞ፣ ፀሐይ ያነጣው ትንሽ ወረቀት አለ፤ የሦስተኛ ወገን ስቲከር። ላይኞቹ የተለጠፉት ሹፌሩን እንዲጠብቁት ነው። ያ የነጣው ወረቀት ግን የሹፌሩ ጠባቂ አይደለም።

«ያ ወረቀት የማን ይመስልሻል?» አልኳት ቡና የምታፈላውን።

«የሹፌሩ ነዋ፣ ጋሼ። ትራፊክ ሲያስቆመው የሚያሳየው።»

«አይደለም፤ ያንቺ ነው።»

ሳቀች። ሰውዬው ገና ቡናውን ሳይቀምስ ዞረበት ያለች ይመስለኛል።

ነገሩ ግን እውነት ነው። የመድን ውል ሁለት ተዋዋዮች አሉት፤ አንዱ ባለ መኪናው፣ ሌላው የመድን ድርጅቱ። ሦስተኛው ያልፈረመው፣ አረቦን ያልከፈለው፣ ውሉ መኖሩንም የማያውቀው ነው። መንገድ የሚሻገረው ተማሪ፣ ጋሪ ነጂው፣ አስፋልት ዳር ረከቦት ዘርግታ የተቀመጠችው። አዋጁ እሷን «ሦስተኛ ወገን» ይላታል። ሕግ አርቃቂዎቹ «ወገን» ሲሉ ጎራ ማለታቸው ነበር፤ ለእኛ ጆሮ ግን ወገን ዘመድ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ሳያስበው ደህና ስም አወጣ።

ይህ መድን ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነበር፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ዓመታዊው ቦሎ ሲታደስ አብሮ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። በ2005ቱ አዋጅ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያቸው ሁልጊዜ ይከነክኑኛል። ለሞተ ሰው የተቀመጠው ካሳ ከ5,000 ብር የማያንስ፣ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር። ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር። ወደ መተሐራ በሚወስደው ሜዳ ግመል የሚነዳ ሰው አለ እንበል። በአዋጁ ሒሳብ የግመሎቹ ጣሪያ ከነጂው ጣሪያ ከእጥፍ በላይ ነበር። የካሳ ልክ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዛሬ ስንት እንደደረሰ ስቲከሩን የሸጠውን ድርጅት መጠየቅ ነው።

ንብረት ከሰው መብለጡም የራሱ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። መድን ወደ አገራችን ሲገባ ለሰው ተብሎ አልገባም፤ ለዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመው የአቢሲንያ ባንክ የውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሸጥ ነበር። የባሕር ዕቃ ደግሞ በጅቡቲ በኩል ይመጣል፤ የጅቡቲው ባቡር በዚሁ በወለንጪቲ ሲያልፍ ኖሯል። የመጀመሪያው አገር በቀል ድርጅት፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። ደርግ 13 የመድን ኩባንያዎችን ወርሶ ከእነሱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን አቋቋመ፤ የግሎቹ እንደገና የተፈቀዱት በ1986 ዓ.ም. ነው። መድን በዚህ ሁሉ ዘመን ከዕቃ ወደ ሰው የመጣው በእግሩ ነው።

ለማንኛውም፣ አደጋ ለደረሰበት ሰው አዋጁ ሁለት ጠቃሚ ነገር ይዟል። አንደኛ፣ በ2005 ሲወጣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር መድቦ ነበር፤ ሐኪም ቤት ጥፋተኛው እስኪለይ ተብሎ ሰው እንዳይደማ። ሁለተኛ፣ ገጭቶ ላመለጠ ወይም መድን ለሌለው መኪና የመድን ፈንድ አለ። ጨለማ ለብሶ የሮጠው ሹፌር ባይያዝ እንኳ ተጎጂው የሚሄድበት በር አለው። ለዚህ ግን የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል። በሽምግልና ተጨርሶ ወረቀት ያልተጻፈበት አደጋ ፈንዱ ዘንድ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

ለራስ መኪና የሚገባው ሌላ ነው፤ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የሚባለው። እሱም ቢሆን ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ላነበበው ሰው ነው። አንድ ወዳጄ መኪናውን አረቦን እንዲቀንስለት ብሎ በ300,000 ብር አስመዘገባት። ገበያው ላይ አንድ ሚሊዮን ታወጣ ነበር። ተጋጨች፤ ጥገናው 100,000 ብር ጠየቀ። «30,000 ይደርስሃል» አሉት። ዘረፉኝ ብሎ ጮኸ። የንግድ ሕጉ ግን ይህን በ1952 ዓ.ም. ነው የጻፈው፤ ንብረቱን ከዋጋው በታች ያስመዘገበ ሰው፣ ለቀረው ድርሻ ራሱ የራሱ መድን ሰጪ ነው። ሦስት አሥረኛውን ካስመዘገበ ከጉዳቱም ሦስት አሥረኛውን ነው የሚያገኘው። ከዚያ ላይ ደግሞ «ኤክሰስ» የሚሏት ተቀናሽ አለች። መኪና ቆሞ ሲውል ዋጋው በሚጨምርበት አገር፣ የአምና ግምት የዘንድሮ ጉድጓድ ነው።

ይህን እያብሰለሰልኩ ሳለ በአህያ ጋሪ ድንኳን መጣ። የድንኳን ብረቶች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥቀርሻ የጠጡ ትልልቅ ድስቶች። ከኋላ ሁለት ሰዎች እየገፉ ይከተላሉ። ቡና አፍይዋ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች።

«የታችኛው ሰፈር እድር ነው። እኔም ቡናውን ጨርሼ እደርሳለሁ፤ ከቀረሁ ቅጣት አለው።»

ከቀብር መቅረት የሚያስቀጣበት የመድን ድርጅት አላውቅም። የመድን ድርጅት ገንዘቡን ይልካል እንጂ ሠራተኞቹን ለቀብር አያሰልፍም። እድር ግን ሞት በተሰማ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል። ፎርም አያስሞላም፤ ጡሩምባ ያስነፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገርመኛል። ስለ ሕይወት መድን ያነሳ ሰው «ምን ያሟርትብናል» ይባላል። የእድር መዋጮ የሚሰበስበውን ግን ማንም ሟርተኛ አይለውም፤ በየወሩ በር እያንኳኳ ሞትን የሚያስታውሰን እሱ ሆኖ ሳለ። ልዩነቱ እድር ለሞት ቀን መሆኑ ነው። ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን፣ ቢዘገይ በሳምንቱ ይነሳል። የትምህርት ቤት ክፍያ ግን መስከረም ላይ ነው የሚመጣው፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ከሰልስት በኋላም ኪራይ ነው። የሕይወት መድን የተሠራው ለዚያ ማግሥት ነው። አንዱ ዓይነት ለተወሰነ ዘመን የሚገባ ነው፤ ሰውዬው በዚያ ዘመን ውስጥ ከሞተ ቤተሰቡ ይከፈለዋል፣ ካልሞተ አረቦኑ የሰላም ዋጋ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ከቁጠባ ጋር የተዳበለ ነው፤ አረቦኑ ይወደዳል፣ ዘመኑን ጨርሶ በሕይወት የተገኘ ሰው ግን ገንዘቡን ራሱ ይቀበላል። በሁለቱም የሚከፈለው ውሉ ላይ ስሙ ለተጻፈው ተጠቃሚ ነው። ሳያገባ ውል የገባና ካገባ በኋላ ስም መቀየር የረሳ ሰው፣ ሚስቱን ከወንድሙ ጋር ፍርድ ቤት ሊያገናኛት ይችላል። ነባር ሕመምን መደበቅም ክፉ ቁጠባ ነው፤ ሰውዬው የደበቀውን ሞቱ ይገልጠዋል፣ ውሉም አብሮት ሊፈርስ ይችላል።

«እኔ ግን ሌላም አለኝ» አለችኝ። ከመቀመጫዋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጣች። ገንዘቧ፣ የቀበሌ መታወቂያዋ፣ ከሥር ደግሞ የጤና መድን ካርድ። ከነልጆቿ ፎቶ ተለጥፎበታል፤ ትንሹ ሲነሳ ያለቀሰ ይመስላል።

የዚህ ካርድ መደበኛ ስም «ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን» ነው። ሙከራው የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ነበር፤ ከምሥራቅ ሸዋ ግምቢቹ አንዷ ነበረች። ደመወዝተኛ ላልሆነው ነው፤ ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ እንደ እሷ ቡና ለምታፈላው። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ መዋጮው የሚሰበሰበውም ገበሬው እህሉን በሚያስገባበት ሰሞን ነው፤ ኪስ ሲሞላ ሕመም እንደሚረሳ የሚያውቅ ሰው ያወጣው ሥርዓት ይመስላል። ለድሀ ድሀው መንግሥት ይከፍልለታል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ውጭ አገር መታከም አይሸፈኑም።

«ይጠቅማል?»

«ምርመራው በነጻ ነው። መድኃኒቱን ግን አንዳንዴ ከውጭ ግዢ ይሉኛል።» ካርዱን ወደ ቆርቆሮው መለሰችው። «ቢሆንም ትልቁ ልጄ አምና ሲተኛ ፍየል አልሸጥኩም።»

መድንን በዚህ አጭር ዓረፍተ ነገር የተረጎመ መጽሐፍ አላውቅም። መድን ማለት ልጅ ሲታመም ያልተሸጠች ፍየል ናት።

ከዳሱ ውጭ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ከሩቅ የቦሰት ተራራ በሙቀቱ ይርገበገባል። ወለንጪቲ ላይ ጥርት ያለ ሰማይ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ዝናብ ቀርቶ ቦሎቄው ሲደርቅ እድርም ጤና መድንም አይደርሱም። ለዚህ የታሰበ አንድ መድን በዚሁ በቦሰት ወረዳ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከጃፓኑ የልማት ድርጅት ጃይካ ጋር ሆኖ በስምጥ ሸለቆው፣ ቦሰትን ጨምሮ፣ በሳተላይት የሚለካ የሰብል መድን ጀመረ። ገማች ማሳ ለማሳ አይዞርም፤ ሳተላይቷ ከላይ ሆና የአካባቢውን ልምላሜ ትለካለች፣ ከልኩ ካነሰ ይከፈላል። ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው፤ የጎረቤቱ ማሳ ለምልሞ የእሱ ብቻ የነደደ ገበሬ፣ ሳተላይቷ አላየችውም።

ገበሬው መጀመሪያ ብዙም አልቀረበውም። በስምጥ ሸለቆው የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ምክንያቱን ፈለገ። አረቦኑን አሁኑኑ ክፈሉ ሲባሉ የገዙት ከመቶው 8 ያህል ነበሩ። ክፍያው ከምርት በኋላ ይሁን ሲባል 24 ሆኑ። ያንኑ መድን የእድር ዳኞች ሲያስተዋውቁት ግን 43 ደረሱ። ሳተላይቷ ያው፣ ውሉ ያው ነው። የተለወጠው የነጋሪው ፊት ነው፤ በቀብር ቀን አጠገባቸው የቆመ ሰው።

ሒሳቡን ለቡና አፍይዋ በአጭሩ ነገርኳት። ብዙም አልገረማት። በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«እንግዲያ እድሬ አንድ። ጤና መድኔ ሁለት።» በአገጯ ወደ ሲኖትራኩ መስታወት ጠቆመች። «ያ ወረቀት ሦስተኛ ወገን። ሦስት ወገን አለኝ ማለት ነው።» ከዚያ ሲኒዬን እየሞላች «እርስዎስ ጋሼ፣ ስንት አለዎት?» አለችኝ።

ቦርሳዬን በልቤ ፈተሽኩ። የመኪና ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ፤ የግምት ዋጋው የአምና ነው። የሕይወት መድን አለኝ፤ ተጠቃሚዋ ከአሥር ዓመት በፊት ያረፈችው እናቴ ናት። ከዚያ ቀጥሎ በኪሴ ውስጥ ያላነሳሁት ስልክ ትዝ አለኝ።

ጎሚስታው «ዝግጁ ነው!» ብሎ ተጣራ። ቡናዋን ከፈልኩ፤ እሷም ረከቦቷን ሰብስባ ድንኳኑ ወደ ሄደበት ተከተለች።

በማግሥቱ ለእድራችን ጸሐፊ ደወልኩ። የአራት ወር ውዝፍ ነበረብኝ፤ እሑድ ሄጄ ከነቅጣቱ ከፈልኩ።