የደሴ መንገድና የአባቴ ካሴቶች

አባቴ መኪና ሲነዳ ዘፈን የሚመርጥለት መንገዱ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ ጥላሁን ገሠሠ፤ ታርማበርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ማህሙድ አህመድ፤ ሸዋ ሮቢት ደርሰን ሙቀቱ ሲቀበለን ሙሉቀን መለሰ። ከሚሴን ስናልፍ ደግሞ የብዙነሽ በቀለ ካሴት ይገባል። ይህ ቅደም ተከተል አይዛነፍም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነን የምንጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረ አልነበረም። "ስንት ካሴት ቀረን?" ነበር የምንለው።

መኪናችን ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ ነበረች። ማጫወቻዋ አንዳንዴ ክር ትበላለች። ያን ጊዜ አባቴ ዳር ይዞ ይቆምና የተጠላለፈውን ክር እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ ይስባል፤ እኔ በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከርኩ አጠነጥነዋለሁ። የዛሬ ልጆችን እስክሪብቶና ካሴት ምን እንደሚያገናኛቸው ብትጠይቋቸው ግራ ይገባቸዋል። የእኔዋ የሰባት ዓመት ልጅማ "እማ፣ ካሴት ቻርጅ የሚደረገው በየት በኩል ነው?" ብላኛለች።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. እናቴን ይዘን ደሴ ለመሄድ ተነሣን። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ ወደ ትውልድ አገሯ አልሄደችም። ዲኤክሷ ተሽጣለች። የቀሩት በአንድ ካርቶን ታጭቀው እናቴ አልጋ ሥር የተቀመጡት 14 ካሴቶች ናቸው። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ አሮጌውን ነገር በአዲስ መልክ ማቅረብ ነው። ስለዚህ እናቴን ላስደስታት ብዬ ካሴቶቹን ወደ ፍላሽ ወደሚገለብጡበት አንድ ሱቅ ወሰድኳቸው። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ፍላሹን ሲሰጠኝ "ካሴቶቹን ትወስጃቸዋለሽ ወይስ እዚሁ ይቅሩ?" አለኝ። ቤት ውስጥ የሚያጫውታቸው ነገር የለም። አባቴ በእጁ የዘፈኖቹን ስም የጻፈባቸውን ሽፋኖች ብቻ አወጣሁና ካሴቶቹን እዚያው ትቼ ሄድኩ። የሙያ ነገር ሆኖ ማሸጊያውን ይዤ ዕቃውን ጥዬ መጣሁ ማለት ነው። ይህ የገባኝ ግን በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወጣን። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ለመንገድ ቢመድብ ይሻለዋል። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ የመኪናውን መስታወት ሸፍኖት ነበር። ቁርስ በልተን፣ ለእናቴ እግር የሚሆን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ገዝተን ቀጠልን። ባለቤቴ ይነዳል፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ ዘፈን አዘጋጃለሁ። የአባቴን ቅደም ተከተል ላለማዛነፍ ምዬ ነበርና ጥላሁንን ከፈትኩ።

ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ሲያርፍ እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ቤት ስመጣ አባቴን ያገኘሁት ግቢ ውስጥ፣ በቆመችው ዲኤክስ መሪ ላይ እጁን አድርጎ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ካሴቱ ይዘፍናል። አንዱን ገጽ ጨርሶ ሌላውን ገለበጠው። ምሳ ቀርቦ ሲጠራ በእጁ ብቻ "ቆዩ" አለን። ስለ ጥላሁን ሞት ከአባቴ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ለእናቴ ይህን ሳነሳባት "ባትሪው ወርዶ በማግሥቱ ስንገፋ አልዋልን?" አለችና ሳቀች።

ታርማበር ላይ ጉሙ እንደ ወትሮው ቁጭ ብሏል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ዋሻውን ያሠራው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ዘመን። አባቴ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ዘፈኑን ያጠፋዋል፤ እኛ ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ብርሃን ሲታይ ጥሩምባ ይነፋል። እኛም እንደዚያው አደረግን። ልጄ ትንፋሿን ግማሽ መንገድ ላይ ለቀቀችው፣ ግን አልያዝኩባትም።

ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጥምዝምዝ ያለ ማህሙድ ማሰብ አልችልም። በልጅነቱ ሊስትሮ የነበረ፣ ኋላም የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ይጫወቱበት በነበረው አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ አንድ ቀን ዘፋኝ ጎድሎ ዕድሉን ያገኘ ሰው ነው። አባቴ ይህን ታሪክ በእያንዳንዱ ጉዞ፣ እዚያው ቁልቁለት ላይ ይነግረናል፤ መጨረሻውም ሁሌ "ስለዚህ ማንንም ሥራ አትናቁ" የሚል ነው። ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ መስኮታችንን ከበቡት። አንድ ላስታ ቆሎ ገዝተን እስከ ሸዋ ሮቢት ስንቆረጥም ሄድን።

እዚህ ላይ ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ተጨቃጨቅን። እሱ ሐዋሳ ያደገ፣ በኤፍሬም ታምሩና በነዋይ ደበበ ዘመን የተቀረጸ ሰው ነው። ለእሱ የድሮ ዘፈን ማለት ሮሃ ባንድ ያጀበው ካሴት ነው፤ እውነቱን ለመናገር በ1970ዎቹ ሮሃ ያላጀበውን ካሴት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ለአባቴ ግን ያ ሁሉ "የዛሬ ልጆች ዘፈን" ነበር። እናቴ ከኋላ ሆና "ሁለታችሁም ዝም በሉና ሙሉቀንን ልስማበት" አለች። ሙሉቀን ገና በልጅነቱ መድረክ የወጣ፣ ኋላም ዓለማዊውን ዘፈን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ነው። ካሴቱ ግን የሰውዬውን ውሳኔ አያውቅም፤ አሁንም እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ይዘፍናል።

ከሚሴ ምሳ በላን። ከዚያ ብዙነሽ ገባች።

የብዙነሽን ካሴት በተመለከተ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። አባቴ ሁለተኛውን ገጽ ጨርሶ አያሰማንም። ሐርቡ አካባቢ ስንደርስ፣ የመጨረሻው ዘፈን እንዳለቀ፣ ጣቱ ቀድሞ ማቆሚያው ላይ ያርፍና ካሴቱን ያወጣዋል። ክሩ እዚያ ጋ የተበላሸ ነው ብዬ አስብ ነበር። በዚያን ቀን ፍላሹ ላይ የመጨረሻው ዘፈን አለቀ፤ ወዲያው አስቴር አወቀ ጀመረች። እናቴ ወደ ፊት ሳብ አለች።

"አቁሚው እስቲ። ወደ ኋላ መልሺው።"

መለስኩት። ዘፈኑ አለቀ፣ አስቴር ጀመረች።

"የእናቴ ድምፅስ?" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በተወለድኩ ሰሞን፣ በ1979 ዓ.ም.፣ ደሴ እናቴ ቤት ስልክ አልነበረም። አጎቴ ቴፕ ይዞ ሄዶ፣ የብዙነሽ ካሴት መጨረሻ ላይ በተረፈው ባዶ ክር የአያቴን ድምፅ ቀድቶ ለእናቴ ላከላት። በዚያ ዘመን ብዙ ቤት እንዲህ ይደረግ ነበር፤ በተለይ ዓረብ አገር ሰው ያለው ቤተሰብ ደብዳቤውን በካሴት ይልክ ነበር። አያቴ በ1985 ዓ.ም. ዐረፈች። ከዚያ በኋላ እናቴ ወደ ደሴ በሄደች ቁጥር ያን ድምፅ ስትሰማ የኮምቦልቻን ዳገት በለቅሶ ትወጣው ስለነበር አባቴ ቀድሞ ማቆም ጀመረ። እኔ የተበላሸ ክር ያልኩት ይኸ ነው። እናቴ ግን ድምፁ እዚያው እንዳለ ታውቃለች። አባቴ በሌለበት፣ ቤቷ ሆና ብቻዋን ትሰማው ነበር፤ ማጫወቻችን እስኪበላሽ ድረስ።

"ካሴቱ ቤት አለ አይደል?" አለች። መልስ ስላልሰጠኋት ፊቴን አየችው። ከዚያ ምንም አላለችም። ብትቆጣኝ በወደድኩ።

ኮምቦልቻ ቆመን ሱቁ ጋ ደወልኩ፤ አይነሣም። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ከተሞቹና ማሳው ከታች ይዘረጋሉ፣ በአገራችን ካሉት ውብ መንገዶች አንዱ ይመስለኛል። በዚያ ቀን ግን ያየሁት የስልኬን መስታወት ነው።

እሁድን ሐይቅ ዋልን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሄዶ ውሃው ዳር ዓሣ መብላት ለልጅም ለአዋቂም የሚስማማ ነው። እናቴ ቀለል እንዲላት ፈልጋ ይሁን እኔን ልታጽናና አላውቅም፣ ከሐይቁ ወዲያ በሰሜን በኩል የሚታየውን ተራራማ አገር ለልጄ በጣቷ እያሳየች "አምባሰል በዚያ በኩል ነው" አለቻት። ልጄ የሙዚቃ ትምህርት ጀምራ ስለነበር ደነገጠች። "አምባሰል ቅኝት አይደለም እንዴ?"

ቅኝትም ነው፣ ቦታም ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከሚባሉት አራት ቅኝቶች ሁለቱ በወሎ አገር ስም ይጠራሉ። አራቱም በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ ልዩነታቸው ድምፆቹ እርስ በርስ በሚራራቁበት ልክ ነው፤ ያችው ትንሽ መራራቅ አንዱን ሐዘን፣ ሌላውን ጨዋታ ታደርገዋለች። ይህን እኔ ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። እናቴ ግን በማሪቱ ለገሰ ዜማ ታውቀዋለች፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ ለልጄ አምባሰልን ያለ ግጥም፣ በአፏ ውስጥ ብቻ አዜመችላት። እናቴ ስታዜም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፣ በ32 ዓመቴ። ለካስ መኪና ውስጥ አባቴ ሲዘፍን እሷ ዝም የምትለው ስለማትችል አልነበረም።

ሰኞ ባቲ ሄድን። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰኞ ገበያው አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም የሚገናኝበት፣ ግመልና ፍየል፣ ጨውና ቅቤ የሚለዋወጥበት ትልቅ ገበያ ነው። ባርኔጣና ውሃ ሳትይዙ ልጅ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ሙቀቱ አይቻልም። ግመሎቹ መካከል ቆሜ ስልኬ ጮኸ። የሱቁ ልጅ ነው።

"መጨረሻው ላይ የሴት ወሬ የነበረበት ካሴት? ዘፈን ስላልሆነ ነው የቆረጥኩት" አለ። ሊያስቀይመኝ አላለውም፤ ሥራው ነው። "ካሴቱን ግን... ያን ካርቶን ለቆራሌው ሰጥተነው እንዳይሆን። ቆይ ልየው።"

ተመልሶ እስኪደውል አንድ ሰዓት ፈጀ። እናቴ በዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ቅቤ ስታሸት፣ ዋጋ ስትከራከር፣ ሳትገዛ ስትሄድ፣ ተመልሳ ስትመጣ ቆየች። ልጁ ደወለ። ካርቶኑ የለም። ግን አንድ የሥራ ባልደረባው ባዶ ካሴት ለማስተማሪያ ብሎ ጥቂቶቹን ለይቶ አስቀርቷል፤ ከእነዚያ ውስጥ መኖር አለመኖሩን አያውቅም፣ ሽፋን ስለሌላቸው መለየት አይችልም። ሽፋኖቹ ያሉት እኔ ጋ ነዋ።

አዲስ አበባ እንደገባን በማግሥቱ ከእናቴ ጋር ሱቁ ሄድን። የተረፉት አምስት ናቸው። ልጁ አንድ በአንድ እያስገባ አጫወተልን፤ ሦስተኛው ላይ ብዙነሽ መጣች። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ትንሽ የነፋስ ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማ፣ ከዚያ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠራረገች።

አያቴ ብዙ አልተናገረችም። በርበሬውን በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ መላኳን፣ ዘንድሮ ዝናቡ ደግ መሆኑን ተናገረች። ሕፃኗን በቀዝቃዛ ውሃ እንዳታጥቢያት አለች፤ ሕፃኗ እኔ ነኝ። ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አጎቴን "ይኼ ነገር አሁንም እየቀዳ ነው እንዴ?" ስትለው ይሰማል። ከዚያ ማቆሚያው ቀጭ አለ።

የሱቁ ልጅ ጆሮ ማዳመጫውን ወደ አንገቱ አወረደ። "እንደገና ልመልሰው፣ እማማ?" አላት።

"መልሰው" አለች እናቴ። "ከዘፈኑ ጀምረህ መልሰው።"