ማወቅና ማስረዳት

ወንጀለኛውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ወንጀሉን ማስረዳት ግን ሌላ ነው። ይህን ያሳሰበን በሰሞኑ ብርድ እዚህ መንዝ ከቤተሰባችን ጋር ተሰብስበን ያየነው አንድ የቆየ የቴሌቪዥን ድርሰት ነው። «ኮሎምቦ» ከሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ መካከል በመስከረም 1964 ዓ.ም. የታየ ሲሆን፣ ርእሱ «መርደር ባይ ዘ ቡክ» ይባላል። ያዘጋጀው በዚያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው።

ኬን ፍራንክሊንና ጂም ፌሪስ የወንጀል ልብ ወለድ በጋራ ስማቸው የሚያሳትሙ ባልንጀሮች ናቸው፤ የሚጽፈው ግን ጂም ብቻ ነው። ጂም ለብቻው ሊሠራ በወሰነ ጊዜ ኬን ወደ ሩቅ የገጠር ቤቱ ወሰደው። ለሚስቱም በስልክ «በቢሮ እየሠራሁ አመሻለሁ» እንዲላት ካደረገ በኋላ፣ እርሷ ድምፁን እየሰማች ተኩሶ ገደለው። ሚስቲቱም ባልዋ በከተማ፣ በቢሮው የሞተ መሰላት።

ተመልካቹ ገዳዩን ከመጀመሪያው ስለሚያውቅ፣ ልጆቻችን «ታዲያ ምን ቀረ?» አሉን። የቀረው ማስረጃው ነው። ፒተር ፎልክ የሚጫወተው መርማሪ ኮሎምቦ፣ የተጨማደደ ካፖርቱን ለብሶ፣ ሳይቆጣ ትንንሹን ነገር ይጠይቃል። የባልንጀራውን ሬሳ በደጁ ያገኘ ሰው እንዴት የፖስታ ደብዳቤውን ከፍቶ ሊያይ ቻለ? በመጨረሻ ከሟቹ ወረቀቶች መካከል የአገዳደሉን ዘዴ የያዘች ቁራጭ ጽሑፍ ተገኘች። ኬን ከ5 ዓመት በላይ አስቀድሞ የነገረውን ሐሳብ ጂም ጽፎ አኑሮት ኖሯል። መጻፍ የማይችለው ደራሲ ከራሱ ያፈለቀው አንድ መልካም ዘዴ ይኸው ነበር፤ እርሱም አሲያዘው። ቃል ይረሳል፣ መጽሐፍ ይወረሳል።

በአባቶቻችን ዘመን ወንጀለኛ ሲሰወር ሕዝቡ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ «ወፍ» የሚባሉትም ስማቸው ሳይገለጥ የሰሙትን ያወጡ ነበር። አገር በሙሉ ለፍርድ ኃላፊ መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቂመኛ በወፍ ስም ንጹሑን ሊወነጅል ይችላል። ነቢዩ ዳንኤል ሶስናን ያዳናት ሁለቱን ረበናት ለየብቻቸው፣ «ከየትኛው ዛፍ በታች አየሃት?» ብሎ በመጠየቁ ነው።

በመምህርነት ዘመናችን ብዕር ጠፍቶ፣ ሁሉም «እናውቀዋለን» ብሎ ጣቱን የቀሰረበት አንድ ድኻ ተማሪ ትምህርቱን ትቶ ወደ በጎቹ ሲመለስ አይተናል። ብዕሩ በኋላ ከባለቤቱ ከረጢት ስፌት ውስጥ ተገኘ፤ ልጁ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በቤታችሁ ዕቃ ሲጠፋ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለየብቻም ጠይቁ፤ ፍርዱን ከማስረጃው በኋላ አድርጉት።