ዝዋይ ላይ የቀመስኩት ነጭ ወይን ጠጅ

ሠርግ ደግሶ የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ የድግስ መጠጥ ነገር ከጥሎሽ ያልተናነሰ ጭቅጭቅ ያስነሳል። በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ለታናሽ እህቴ የጥር ሠርግ ዝግጅት በተጀመረ ጊዜ ሙሽራዋ ራሷ፣ «ዘንድሮስ እማዬ ጠጅ አትጥልም፤ ነጭ ወይን ጠጅ በሣጥን እንገዛለን» አለች። ያለችው በክፋት አይደለም። እናታችን አባታችን ከሞተ ወዲህ አራት ልጆች ያሳደገችው ጠጅ ጥላ በመሸጥ ነው። አሁን ግን የጣቶቿ መገጣጠሚያ እያበጠ፣ ጋን ማጠቡ ቀርቶ ጀበና ማንሳት የሚያስጨንቃት ቀን አለ። ይህን ስትሰማ ለሁለት ቀን ምንም አልተናገረችም። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየላጠች፣ «በገዛ ልጄ ሠርግ እንግዳ ልሁን?» አለችን።

እኔ መካከል ላይ ቀረሁ። ነጭ ወይን ጠጅ ስለሚባለው ነገር የማውቀውም ጥቂት ነበር። በልጅነታችን በዓመት በዓል በትልልቅ ሰዎች ገበታ ላይ የምናያቸው የአዋሽ ፋብሪካ ወይን ጠጆች ነበሩ፤ ቀዩ ጉደርና ጣፋጩ አክሱማይት በደንብ ይታወሱኛል፤ ነጩ ክሪስታል ግን በእኛ ሰፈር እምብዛም አይታይም ነበር። ሰፈራችን ያለ አንድ ባለ ሱቅ ደግሞ ገና ጥያቄዬን ሳልጨርስ፣ «ለሴቶች ከሆነ ጣፋጩን ውሰጂ» አለኝ። የሴት ምላስ ከስኳር በቀር የሚያውቀው የለም ያለው ማን እንደሆነ እንጃ። እናቴ ጌሾ የበዛበትን ጠጅ ገና በሽታው ለይታ የምትመልስ ሴት ነች። እንግዲህ ለዚህ ዓምድ የሚሆን ጽሑፍም ስለምፈልግ፣ ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ወደ ዝዋይ ተነሳሁ።

ዝዋይ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከተማው ባቱ ተብሎ ቢጠራም፣ በተሳፋሪውም በሾፌሩም አንደበት አሁንም ዝዋይ ነው። ከቢሾፍቱ ወዲያ ጤፉ ቢጫ ለብሷል፤ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ አገሩ እየቆላ፣ ነፋሱም እየሞቀ ይሄዳል። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ይጠብቃል። ለቤት የሚሆን ገዝቶ መመለስ የማይፈልግ ማን አለ? ሾፌራችን «ስንመለስ» ብሎ አሳለፈን፤ ስንመለስ ግን መሽቶ ነበር።

ከአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ወጥቶ ወደ ዝዋይ የወረደ ሰው 700 ሜትር ያህል ቁልቁል መጥቷል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሐይቁ፣ ደንበልም ይባላል፣ ከመቂና ከከታር ወንዞች ውኃ ተቀብሎ በቡልቡላ በኩል ወደ አቢያታ ይሰዳል። በላዩ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ከሁሉም ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ በላዩ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ተሸሽጎ የቆየው እዚያ ነው ተብሎ በትውፊት ይነገራል። ደሴቱን ከዳር ሆኜ ከማየት በቀር ለመሻገር ጊዜ አልነበረኝም።

የወይን እርሻውን ያቋቋመው ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ከቦርዶ ክፍለ ሀገር 750,000 ያህል የወይን ችግኝ አስመጥቶ፣ 120 ሄክታር በሚሆን አሸዋማ መሬት ላይ አስተከለ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የቀረቡት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ነው። ለእርሻው ዙሪያ የተቆፈረው ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ዝና አለው፤ የተቆፈረው ለውኃ ሳይሆን ጉማሬን፣ ጅብንና ዘንዶን ለመከላከል ነው። በቦርዶ ያለ ገበሬ ስለ ጉማሬ ማሰብ እንደማያስፈልገው የታወቀ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። በአውሮፓ የወይን ተክል ብርዱ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ ፍሬውም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይለቀማል። እዚህ የሚያስተኛው ብርድ የለም። ስለዚህ መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው የሰው መቀስ ነው፤ በተገረዘበት ቀን ተነስቶ ይቆጠርና ለቀማው ዝናብ በሌለበት ወራት እንዲውል ይደረጋል። እኔ በደረስኩበት ሰሞን ዘለላዎቹ በስለው ነበር። ነጩ ወይን ጠጅ የሚወጣበት ሻርዶኔ የተባለው ዝርያ፣ ጥንተ አገሩ የፈረንሳዩ ቡርጎኝ ነው። ፍሬው ትንሽ ነው፤ አረንጓዴ ሆኖ ፀሐይ በነካው ጎኑ ወርቅማ ይሆናል። አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ጣልኩ። ስኳሩ በረታብኝ፤ ልጣጩ ግን ጥርስ ላይ ጠንከር ይላል፤ ፍሬውም ውስጡ አለ። ገበያ ላይ እንደምንገዛው የገበታ ወይን አይደለም።

በረድፎቹ መካከል አርባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ አንዲት ለቃሚ ነበሩ። መጠጡን ቀምሰውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ።

«እኔ እስላም ነኝ፤ አልጠጣም። ግን የቱ ዘለላ እንደደረሰ ከሚጠጣው ሰው ይልቅ እኔ አውቃለሁ» አሉኝ። ከዚያም አንድ ዘለላ ከሥሩ ደግፈው፣ ግንዱ ሳይጎዳ እንዴት እንደሚቆረጥ አሳዩኝ። ጣቶቻቸው ቀጥ ያሉ፣ ፈጣን ጣቶች ነበሩ። የእናቴ ጣቶች ትዝ አሉኝ።

ነጭ ወይን ጠጅ እንዴት እንደሚሠራ ለጠጅ አዋቂ ማስረዳት ቀላል ነው። ፍሬው እንደተለቀመ ወዲያው ይጨመቃል፤ ልጣጩ ይለያል። ቀዩ ወይን ጠጅ ቀለሙን የሚያገኘው ከልጣጩ ጋር አብሮ ሲፈላ ነው፤ ነጩ ግን ጭማቂው ብቻውን በእርሾ ይፈላል። በጠጅ ውስጥ ማሩ እንደሚበላው ሁሉ፣ እዚህም ስኳሩ እየተበላ አልኮል ይሆናል። ልዩነቱ ቅዝቃዜው ነው። እናቴ ጋኑን ሙቀት እንዳያጣ በጨርቅ ትጠቀልላለች፤ ነጩ ወይን ጠጅ ግን ሽታው እንዳይበንን በቀዝቃዛ የብረት ጋን ውስጥ ቀስ ብሎ ይፈላል። ስኳሩ ሁሉ ተበልቶ ሲያልቅ የሚገኘውን ድራይ ይሉታል፤ ስኳር ሳያልቅ መፍላቱ በቅዝቃዜ ከቆመ ደግሞ ጣፋጭነቱን ይዞ ይቀራል።

የቀመስኩት ሁለት ነጭ ነው፤ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ የተባለውንና አካሽያ የተባለውን መካከለኛ ጣፋጭ። ለመቅመስ ስቀርብ አንድ ባልዲ አስጠጉልኝ። ቀምሶ መትፋት የሙያው ደንብ ነው አሉኝ። በሰው ፊት መትፋት ነውር ነው ተብዬ ላደግሁት ለእኔ ከባድ ፈተና ነበር። የመጀመሪያውን ዋጥኩት፤ ሁለተኛውን ፊቴን አዙሬ ተፋሁ።

ሻርዶኔው በብርጭቆ ውስጥ የገብስ ገለባ ይመስላል። ብርጭቆውን ሲያሽከረክሩት ቀድሞ የሚመጣው የኮክና የአናናስ ሽታ ነው፤ ቆይቶ የሎሚ ልጣጭ። በሽታው ጣፋጭ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ስኳር የለም። በምላስ ጎንና ጎን ምራቅ የሚያፈልቅ ኮምጣጣነት አለው፤ መሀሉ ግን ወፍራም ነው፤ የፀሐይ አገር ፍሬ መሆኑ ያስታውቃል። ከዋጡት በኋላ የትርንጎ ነጩን ክፍል እንደ ነከሱ ዓይነት ቀጭን ምሬት ይከተላል። እኔ የወደድኩት ይህችን ምሬት ነው፤ ጌሾ ጠጅን ከማር ውኃነት እንደሚያድነው ሁሉ፣ እሷም መጠጡን ጭማቂ ከመሆን ታድነዋለች።

አካሽያው ገር ነው። ሽታው የበሰለ ዘይቱንና ነጭ ማር ያስታውሳል፤ በጣም ቀዝቅዞ ሲጠጣ ደስ ይላል፤ ሞቅ ሲል ግን ስኳሩ ጎልቶ ይወጣና ሁለተኛውን ብርጭቆ ያሰለቻል። እንዲህ ስል አልናቅኩትም። በኋላ ቤት እንደሞከርኩት፣ በርበሬ ከበዛበት ዶሮ ወጥ ጋር የሚስማማው እሱ ነው። ድራዩ በርበሬውን ያባብሰዋል፤ ጉሮሮ ያቃጥላል። ጣፋጩ ግን ቃጠሎውን ያበርደዋል። ሻርዶኔው ደግሞ የቆሮሶ ጥብስ ነው የሚፈልገው። ሐይቁ ዳር ምሳዬን ከሎሚ ጋር ስበላ፣ ያንኑ ወይን ጠጅ በአንድ ብርጭቆ አስቀድቼ ያረጋገጥኩት ነው። በዚህ ጊዜ አልተፋሁም።

ሁለቱን በየጠርሙሱ ይዤ ገባሁ። እናቴ በመጀመሪያ ጠርሙሱን ዓይታ ዞር አለች። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ በማግሥቱ፣ እህቴም ባለችበት፣ ሻርዶኔውን ከፈትኩ። ባለ እግር ብርጭቆ ስሰጣት አልተቀበለችኝም፤ ከቁም ሣጥን ብርሌዋን አወጣች። ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።

«አጣርተውታል» አለች። አሸተተች። ትንሽ ጎንጨት ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ እኔ ሳትተፋ ዋጠችው።

«ማር የለበትም?»

«የለበትም እማዬ፤ ወይን ብቻ ነው።»

«በስንት ቀን ደረሰ?»

መፍላቱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊወስድ እንደሚችል፣ ከዚያም ገና እንደሚቆይ ነገርኳት። ስለ ብረቱ ጋንና ስለ ቅዝቃዜው ስነግራት ብርሌዋን አስቀምጣ በጥሞና ሰማችኝ። ስለ ሥራዋ አንድ ሰው እንዲህ ሲያወራት ከቆየ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። ሁለተኛውንም ቀመሰችና፣ «ይኼ የሸረሪት ድር ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው፤ ለልጆች እንዳታቀምሱ» አለች። እውነቷን ነው፤ የገበታ ወይን ጠጅ አልኮሉ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 በመቶ ይደርሳል፤ ጣፋጭነቱ ይሸፍነዋል እንጂ ከቢራ እጥፍ የሚበልጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ድግሱን ማከፋፈል የጀመረችው ራሷ ናት። ከ75 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ እንደሚወጣ ነግሬያት በጣቶቿ ቆጠረች። ሻርዶኔው ለዓሣውና ለአልጫው፣ ጣፋጩ ለወጡ ይሁን አለች። ጠጁ ግን አይቀርም፤ አንድ ጋን ብቻ ይጣላል፤ ጌሾውን የምትወቅጠውና ጋኑን የምታጥበው ሙሽራዋ ትሆናለች፤ እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዛለች። እህቴ አፏን ከፍታ ቀረች።

«የወንድምሽስ ሚስት?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። የወንድሜ ሚስት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር ትንሹም ቢሆን ደህና የሚባል የአልኮል መጠን የለም እንደሚሉ፣ ወይን ጠጁም ጠጁም እንደማይፈቀድላት ነገርኳት።

«ብርዝ እበርዝላታለሁ» አለች እናቴ። «ለእሷም፣ ለልጆቹም፣ ለማይጠጡትም። በዚህ በሚያምረው ጠርሙስ አድርጌ ነው የማቀርብላቸው፤ ማንም እንዳያፍር። ጠርሙሶቹን እንዳትጥሉ።»

የተረፈውን ሻርዶኔ ቡሹን መልሼ ፍሪጅ ውስጥ አኖርኩት። እስከ ሦስት ቀን እንደሚቆይ ነግረውኝ ነበር፤ በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ግን ጠርሙሱ ታጥቦ፣ ተዘቅዝቆ፣ ከእናቴ ብርሌ አጠገብ ይደርቅ ነበር።